የክብደት መቀነሻ መርፌና የሰዓት ጾም አብረው ይሄዳሉ ወይ? ለጠየቃችሁ ሁሉ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የክብደት መቀነሻውን መርፌ ከጀመርሽ ገና ሦስተኛ ሳምንትሽ ነው፤ ውጤቱ እንዲፈጥንልሽ ደግሞ በቀን 16 ሰዓት ጾመሽ በቀሪው 8 ሰዓት ውስጥ ብቻ ለመብላት አስበሻል። በፋርማሲ ሥራ ላይ ስለምውል ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ያነሣልኛል። ሁለቱን አብሮ ማስኬድ የተከለከለ አይደለም። አሁን ባለሽበት ደረጃ ግን እንዳትጀምሪው እለምንሻለሁ።

በእነዚህ መርፌዎች የሚሰጡት ሴማግሉታይድም ሆነ ቲርዜፓታይድ ምግብ ስንበላ አንጀታችን የሚያመነጨውን የጥጋብ ሆርሞን መስለው የሚሠሩ መድኃኒቶች ናቸው። አንጎል ላይ የረሃብን ስሜት ያበርዳሉ፤ ጨጓራም ምግቡን ወደ አንጀት የሚያሳልፍበትን ፍጥነት ያዘገያሉ። ስለዚህ መርፌው ራሱ ትንሽ እንድትበዪ እያደረገሽ ነው። የሰዓት ጾምም ክብደት የሚቀንሰው በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ነው። በ2022 የታተመ አንድ የቻይና ጥናት 139 ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸውን ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ነበር። ሁሉም የሚበሉት መጠን ተቀንሶላቸዋል፤ ግማሾቹ ግን በ8 ሰዓት ውስጥ ብቻ እንዲበሉ ተደርገዋል። በመጨረሻ በሁለቱ ወገኖች የክብደት ለውጥ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ሥራውን የሚሠራው የምግቡ መጠን እንጂ ሰዓቱ ብቻውን አይደለም ማለት ነው። መርፌ ላይ ላለ ሰው የሚያሳስበው ደግሞ ብዙ መብላቱ ሳይሆን ከሚያስፈልገው በታች መብላቱ ነው።

«ለምን አሁን አይሆንም?» ብትዪኝ፣ መጠኑ ገና እየጨመረ ስለሆነ ነው። ለክብደት የሚሰጠው ሴማግሉታይድ በሳምንት በ0.25 ሚሊግራም ይጀምርና በየ4 ሳምንቱ እየጨመረ እስከ 2.4 ይደርሳል። ቲርዜፓታይድ በ2.5 ጀምሮ ቢያንስ በየ4 ሳምንቱ በ2.5 እያደገ እስከ 15 ሊደርስ ይችላል። ማቅለሽለሹና ማስመለሱ የሚበረታው በእነዚህ ወራት ነው። በዚህ መሀል ጾም ከተጨመረበት፣ ሲያዞርሽ ወይም ሲያስመልስሽ ምክንያቱ መድኃኒቱ ይሁን ባዶ ሆድሽ አንቺም ሐኪምሽም መለየት ያቅታችኋል። መጠኑ ይርጋ፣ ሆድሽም ይልመደው። ከዚያ ሐኪምሽ ከተስማማ በቀን 12 ሰዓት በመጾም ጀምሪ፤ አብዛኛው በእንቅልፍ ስለሚያልፍ አይከብድም። ከተስማማሽ ወደ 14 ማሳደግ ይቻላል። ከዚያ በላይ መሄድ ምን እንደሚጨምርልሽ አይታየኝም። የመብያው ሰዓት በጠበበ ቁጥር ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ለመብላት ይገደዳል፤ የዘገየ ጨጓራ ደግሞ የሚጠላው ይህንኑ ነው። ቃሩና ማቅለሽለሹ ሌሊቱን አያስተኛሽም።

በቀን አንድ ጊዜ ብቻ በመብላት እንደተጠቀመ የጻፈው ወንድማችን፣ ለአንተ ስለሆነልህ ደስ ብሎኛል። ለሌላው ግን እንዳትመክረው። በመርፌው ከሚወርደው ክብደት ውስጥ፣ እንደ መድኃኒቱና እንደ ጥናቱ ቢለያይም፣ ከሩብ እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ስብ ያልሆነ አካል ሆኖ ተገኝቷል፤ ጡንቻም በዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ጡንቻን ለማትረፍ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን መብላት ይመከራል፤ ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ግን መጠኑን ከሐኪሙ ይጠይቅ። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቢያንስ 96 ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። ይህ በእንቁላል ብቻ ቢቆጠር ወደ 16 እንቁላል ይጠጋል። መርፌ ላይ ያለ ሰው ይህን በአንድ ማዕድ እንዴት ይጨርሰዋል? ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ በየማዕዱ ፕሮቲኑ ቀድሞ ሲበላ ግን ይቻላል። በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት ማንሣት ወይም ሌላ ጡንቻን የሚያሠራ እንቅስቃሴም አይቅር።

እናቱ መርፌውን ጀምረው መጾም እንደሚፈልጉ የጠየቀው ወንድማችን ደግሞ የስኳር ኪኒንም እንደሚወስዱ ጠቅሷል። ከሁሉም ያስጨነቀኝ የእርሳቸው ጉዳይ ነው። ኪኒናቸው ግሊቤንክላማይድ፣ ግሊሜፒራይድ ወይም ግሊክላዛይድ ከሆነ፣ ወይም ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ፣ ከመርፌው ጋር ተደርቦ በባዶ ሆድ የደም ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ ማጥመቅ፣ የልብ መምታት፣ ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ጾሙ ወዲያው ይፈታ፤ 15 ግራም የሚሆን ስኳር ወይም ጣፋጭ ጭማቂ ይውሰዱ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። መለኪያው ከአገር አገር እንደሚለያይ ልብ በሉ፦ በሌላው አቆጣጠር ያው 70 የሚነበበው 3.9 ሚሊሞል ተብሎ ነው። ከአንድ አገር ወደ ሌላው የተዛወረ ሰው ቁጥሩን ሲያይ ሊደናገር ይችላል። ኤምፓግሊፍሎዚን ወይም ዳፓግሊፍሎዚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ከሆነም መጾም ደማቸው ውስጥ አሲድ እንዲጠራቀም ሊያደርግ ይችላል፤ ይህ አደጋ ስኳሩ እምብዛም ሳይጨምር ስለሚመጣ ያታልላል። ስለዚህ እናትህ አንድ ቀን እንኳ ከመጾማቸው በፊት ሐኪማቸው የኪኒኑን መጠን ይመልከተው።

ውሃን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በቅርቡ አንዲት ሴት መድኃኒት ልትወስድ መጥታ ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ቆማ ማውራትም ከበዳት። ማለዳ በባዶ ሆዷ ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት ኪኒን ወስዳለች፤ ሌሊቱን አስመልሷታል፤ ጾሜን እንዳላፈርስ ብላ ውሃም አልቀመሰችም። ወደ ድንገተኛ ሕክምና ላክናት። በዚህ ዓይነት ጾም ውሃ አይከለከልም! ሽንት ጠቆር ካለ ወይም ከተቀመጡበት ሲነሡ ካዞረ ሰውነት ውሃ አጥሮታል፤ ያ ሁኔታ ከቀጠለ ኩላሊትን ይጎዳል።

ከላይኛው ሆድ ተነሥቶ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ የማይለቅ ሕመም የቆሽት መቆጣት ሊሆን ይችላል። በቀኝ ጎድን ሥር የሚሰማ ሕመም ከትኩሳት ወይም ከዓይን ቢጫነት ጋር ሲመጣ ደግሞ ሐሞት ከረጢትን ያስጠረጥራል፤ ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ የሐሞት ጠጠር የመፈጠሩ ዕድል ይጨምራል። ሁለቱም እስከ ነገ የሚያቆዩ አይደሉም።

ነፍሰ ጡር የሆነች መርፌውን አትወስድም፤ ለማርገዝ ያሰበችም ሴማግሉታይድን ቢያንስ 2 ወር ቀድማ ማቆም አለባት። ቲርዜፓታይድ የወሊድ መከላከያ ኪኒንን ሊያዳክም ስለሚችል ሲጀመርና መጠኑ በጨመረ ቁጥር ለ4 ሳምንት ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል። ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር በራሱ ወይም በቤተሰቡ ያለበት ሰው መድኃኒቶቹን አይነካም። ከምግብ ጋር የተያያዘ የሥነ ልቦና ሕመም የነበረበት ሰውም የሰዓት ጾምን ቢተወው ይሻላል።

በውጭ ለምንኖር አንድ ነገር ልጨምር። ኦዜምፒክና ዌጎቪ ስማቸው ይለያይ እንጂ መድኃኒታቸው ሴማግሉታይድ ነው፤ ማውንጃሮና ዜፕባውንድም ሁለቱም ቲርዜፓታይድ ናቸው። አገር ስትቀይሩ የተለያዩ መስለዋችሁ እንዳትደርቡ። ከዘመድ ወይም ከማኅበራዊ ሚዲያ ሻጭ አትግዙ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024 ስለ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። የሌላ ሰው ብዕር መርፌም ጫፉ ቢቀየር እንኳ የደም በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ቋንቋው የሚከብዳችሁ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ።

እህቴ፣ በየትኛው ቀን ልወጋ ላልሽው፣ በሳምንት አንድ ቋሚ ቀን ምረጪ። ወደፊት መጾም ስትጀምሪም መርፌው በተወጋበት ቀንና በማግሥቱ ካቅለሸለሸሽ ያን ሁለት ቀን አትጹሚ፤ ጥቂት ጥቂት እያልሽ ብዪ። የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ግን እዚህ ሁሉ ሰው በሚያየው ቦታ አትጻፊ፤ ሣጥኖቹን እንዳሉ በከረጢት ይዘሽ ሂጂና መድኃኒትሽን ለሚሰጥሽ ፋርማሲስት አሳይው፤ የምትጾሚበትንም ሰዓት ንገሪው።