ወንድሜ ግሪን ካርድ ይዞ ማርቆስ ከረመ፤ ካርዱ ይቃጠላል ወይ?

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ታላቅ ወንድሜ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ከገባ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እናታችንን ስትሮክ ስለመታቸው ሊያስታምም መጣና ዛሬ ነገ ሲል 8 ወር አለፈው። እሑድ ሰንበቴ ላይ አንድ ሰው «ግሪን ካርድ 6 ወር ካለፈው ይቃጠላል» አለ። እምዬ ይህን ከሰሙ ወዲህ «በእኔ ጦስ ልጄ እንጀራውን አጣ» እያሉ እህል አልቀምስ ብለዋል። እውነት ተቃጥሏል? ካርዱን የያዘ ሰውስ ምን ምን ግዴታ አለበት? የምታውቁ እባካችሁ።

የቡሬ ልጅ
6 ወር ካለፈው ያው አለቀ። ኤምባሲ ሄዶ አዲስ ቪዛ ይጠይቅ።

ከሲያትል
የቡሬው ወንድሜ፣ እንዲህ እያልክ ሰው አታስደንግጥ። ካርዱ የአገልግሎት ዘመኑ እስካላለፈ ድረስ፣ ውጭ የቆየው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መግቢያ ሆኖ ይሠራል። የ6 ወሩ ነገር ሌላ ነው። ከ180 ቀን በላይ ውጭ የቆየን ሰው ሲመለስ ሕጉ እንደ አዲስ ገቢ ያየዋል። ስለዚህ ኤርፖርት ላይ ይጠየቃል። የት ከረምክ? ሥራህ የት ነው? ቤትህስ? ማወቅ የሚፈልጉት ኑሮውን ጠቅልሎ ወጥቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ነው።

እህቴ፣ አሁኑኑ ማስረጃ ሰብስቡ። የእናትሽን የሕክምና ማስረጃ ከሆስፒታል አውጡ። በእንግሊዝኛ ይተርጎም፤ ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍ። እዚያ ያለውን የኪራይ ውል፣ የባንክ ሒሳብ፣ የታክስ ወረቀት ይያዝ። ከሥራው የፈቃድ ደብዳቤ ካለው ደግሞ እሰየው። 1 ዓመት የሚሞላበትን ቀን ከአሜሪካ ከወጣበት ትኬት ላይ ቁጠሩ። በኛ ወር ስትቆጥሩ ጳጉሜን እንዳታምታታችሁ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። ኤርፖርት ላይ ቢያስጨንቁት እንኳ አይ-407 የሚባለውን ቅጽ ሳያነብና ሳይገባው እንዳይፈርም። ነዋሪነቴን በፈቃዴ ትቻለሁ ማለት ነው። «አልፈርምም፣ ዳኛ ፊት ልቅረብ» ማለት መብቱ ነው። ይህን ሳያውቁ ፈርመው የተመለሱ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ለዜግነት ግን ይህ ቆይታ ጥያቄ ያስነሳበታል። ዜግነት ለመጠየቅ በአብዛኛው 5 ዓመት ነዋሪነት ያስፈልጋል። ከ6 ወር በላይ አንድ ጊዜ መውጣት ያንን ተከታታይነት እንዳቋረጠ ይቆጠራል፤ አለመቋረጡን በማስረጃ ማሳየት የእሱ ፈንታ ነው።

ከዳንግላ
ዓመት ያለፈው ሰውስ ምን ይሁን?

የደጀን ሰው
ረጅም ጊዜ እንደሚቆይ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ሳይወጣ ሪ-ኢንትሪ ፐርሚት፣ ማለትም የመመለሻ ፈቃድ፣ ይጠይቃል። ቅጹ አይ-131 ነው፤ ብዙ ጊዜ እስከ 2 ዓመት ያገለግላል። ማመልከቻውን የሚያስገባው ግን አሜሪካ ውስጥ እያለ ነው፤ ከማርቆስ ሆኖ አይሆንም። ሳይዝ ወጥቶ ዓመት ያለፈው ደግሞ አዲስ አበባ ኤምባሲ የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ ይጠይቃል፤ ኤስቢ-1 ይሉታል። የቆየሁት ከአቅሜ በላይ በሆነ ምክንያት ነው ብሎ ማሳመን አለበት። ቀላል አይደለም። ወንድምሽ ዓመት ሳይሞላው ቢነሳ ይሻለዋል።

ደግሞ አንዳንዱ በየአምስት ወሩ ብቅ ብሎ መመለስ ይበቃል ይላል። ኑሮው እዚህ መሆኑን ካዩ እሱም አያድንም።

ከዴንቨር፣ የሒሳብ ባለሙያ
ታክሱን እንዳይረሳ! ማርቆስ ተቀምጦም ግዴታው አይቀርለትም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በየትኛውም አገር ያገኘውን ገቢ ለአሜሪካ ያሳውቃል። እዚያ የአባቱን ቤት አከራይቶ ብር የሚቀበል ከሆነ እሱም ይገባል። መደበኛው ቀነ ገደብ ኤፕሪል 15 ነው፤ ማራዘሚያ ከጠየቀ እስከ ኦክቶበር 15 ያገኛል። ከአሜሪካ ውጭ ባሉት ባንኮች ያለው ገንዘብ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለብቻው ሪፖርት አለው። «ነዋሪ አይደለሁም» ብሎ ታክስ እንዳያሠራ ደግሞ አደራ። ነዋሪነቱን እንደተወ ማስረጃ ይሆንበታል።

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ
እግዜር ይስጣችሁ። ለእምዬ አነበብኩላቸው፤ ትንሽ ቀለል አላቸው። ወንድሜ ከመምጣቱ በፊት ቤት ቀይሮ ነበር፤ የት ያሳውቃል? የአክስታችን ልጅም 19 ዓመቱ ነው፤ በቅርቡ በግሪን ካርድ ዳላስ ገብቷል። እሱስ?

ከሲያትል
አድራሻ የቀየረ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት። ቅጹ ኤአር-11 ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ይሞላል፣ ክፍያ የለውም። ቀኑ አልፎም ከሆነ ዛሬውኑ ይሙላ።

የአክስትሽ ልጅ ሴሌክቲቭ ሰርቪስ በሚባለው የውትድርና መዝገብ ላይ መመዝገቡን ያረጋግጥ። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ ወንድ ነዋሪ ሁሉ ይመለከተዋል። ወታደር ሆነ ማለት አይደለም፤ ስሙ መዝገብ ላይ ይገባል፣ በቃ። ሳይመዘገብ ከቀረ በኋላ ዜግነት ሲጠይቅ ይጠየቅበታል። ካርዱንም ቤት ጥሎ አይውጣ፤ 18 ዓመት የሞላው ነዋሪ ይዞት መንቀሳቀስ አለበት ይላል ሕጉ።

መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሲሄድ ደግሞ ለምርጫ ልመዝግብህ ቢሉት እምቢ ይበል፤ ዜጋ ነኝ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት እንዳያደርግ። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለትና መምረጥ ከአገር ያስባርራል። ከመሄዱ በፊት ደውይለትና ንገሪው።