ኬፕታውን ስንሄድ በእናቴ ደጅ ዝም ብለን እንለፍ?

የጥር ሙሽራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከባለቤቴ ጋር ጥር 12 ቀን 10 ዓመት ይሞላናል። የተጋባነው አዲስ አበባ ነበር። ጫጉላ የሚባል ነገር አላየንም። በሳምንቱ እሱ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ እኔ ወረቀቴ እስኪያልቅ 2 ዓመት ጠበቅሁት። ዘንድሮ ልጆቹን እህቴ ጋ ትተን ለ10 ቀን ኬፕታውን መሄድ ፈልገናል። ባሕሩን፣ ተራራውን፣ ከዚያ እነ ስቴለንቦሽና ፍራንሽሁክ ያሉትን የወይን እርሻዎች ለማየት ነው። ባለቤቴ ሆቴል ውስጥ ስንት ዓመት ለሰው ወይን ሲቀዳ ነው የኖረው። ስቴለንቦሽ የሚለውን ስም ያወቀው ከጠርሙስ ላይ ነው። አንድ ቀን እሱ ቁጭ ይበልና ይቀዳለት አልኩ።

ጭንቀቴ ሁለት ነው። እሱ ዜግነት ወስዷል። እኔ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። ለዜግነት አመልክቼ ቀጠሮ እየጠበቅሁ ነው። ቪዛ ያስፈልገኛል ወይ? ሁለተኛው፣ ያገኘነው ረከስ ያለ ትኬት በአዲስ አበባ የሚያልፍ ነው። ቦሌ 3 ሰዓት ተኩል ተቀምጠን እንቀጥላለን። እናቴ ጎተራ ናት። እስካሁን አልነገርኳትም። ምን ብዬ እንደምነግራት ጨንቆኛል።

ጋሽ ሲያትል፦
እህቴ፣ ከወረቀቱ እንጀምር። ደቡብ አፍሪካ የምታየው ፓስፖርትሽን ነው፣ ግሪን ካርድሽን አይደለም። ባለቤትሽ በአሜሪካ ፓስፖርት እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። አንቺ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ግድ ነው። የባንክ መግለጫ፣ የማረፊያና የአውሮፕላን ቦታ ማስያዣ ይጠይቁሻል። ቪዛው እጅሽ ሳይገባ ትኬት እንዳትቆርጪ። ፓስፖርትሽ ላይ ሁለት ባዶ ገጽ መኖሩንም እይ።

የዜግነት ማመልከቻሽን 10 ቀን መውጣት አይጎዳውም። የሚጎዳው ከ6 ወር በላይ መቆየት ነው። ሰው የማያስበው ወጥመድ ግን ሌላ ነው። ቃለ መሐላው ከጉዞሽ በፊት ከደረሰ ግሪን ካርድሽን እዚያው ይቀበሉሻል። የአሜሪካ ፓስፖርት እስኪወጣልሽ መመለሻ ሰነድ የለሽም። ኢትዮጵያ ፓስፖርት ላይ የተመታው ቪዛም ዋጋ አይኖረውም። አንድ የማውቀው ልጅ እንዲህ ሆኖ የወንድሙ ሠርግ አምልጦታል። ስለዚህ ወይ ቶሎ ሂዱ፣ ወይ ፓስፖርቱ እስኪመጣ ጠብቂ። መሐል ላይ አትያዢ።

ዳላስ ነኝ፦
ቢጫ ካርዱን አትርሱ። ያለ እሱ ደቡብ አፍሪካ አያስገቡም።

የጥር ሙሽራ፦
ቢጫ ካርድማ እኔ የለኝም። እሱ ግን አለው፣ ዜግነት እንደወሰደ ነው ያወጣው። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ላለው ሰውም ይጠየቃል እንዴ?

ጋሽ ሲያትል፦
ሁለታችሁ የምታወሩት ስለተለያየ ነገር ነው። ባለቤትሽ ያለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። ዳላስ የሚለው የቢጫ ወባ ክትባት ደብተሩን ነው፣ እሱንም ሰው ቢጫ ካርድ ይለዋል። ደቡብ አፍሪካ ኢትዮጵያን የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ትቆጥራታለች። ቦሌ ከ12 ሰዓት ያነሰ ተቀምጣችሁ ካለፋችሁ ክትባቱን አይጠይቋችሁም። ከአውሮፕላን ጣቢያ ወጥታችሁ ጎተራ ካደራችሁ ግን ሁለታችሁም የክትባት ደብተር መያዝ አለባችሁ። መርፌውን መወጋት ያለባችሁ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ ነው። አንዴ ከተወጋችሁ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

እትዬ ከሮም፦
እንግዲህ ልጄ፣ በአንድ መርፌ ምክንያት እናትሽን ሳታዪ ልታልፊ ነው?

የጥር ሙሽራ፦
እትዬ፣ መርፌው አይደለም ያስፈራኝ። ሙሉውን ልናገር። ወንድሜ የኮንዶሚኒየም ውዝፍ አለበት። «ባንኩ አስጠንቅቆኛል፣ ቶሎ ላኪልኝ» ብሎኛል። አልሞላልኝም አልኩት። እውነቴን ነው፣ ለዚህ ጉዞ 3 ዓመት ነው ያጠራቀምነው። ከትርፍ ሰዓት ከማገኘው ላይ በየወሩ ትንሽ ትንሽ። አሁን ከባለቤቴ ጋር ሻንጣ እየጎተትኩ፣ ወይን ልጠጣ ኬፕታውን እየሄድኩ ነው ብዬ ጎተራ ብገባ እንዴት ነው የሚያየኝ?

ዳላስ ነኝ፦
እህቴ አትቀየሚኝ። እኛ እዚህ የመጣነው ለራሳችን ብቻ አይደለም። የሁለት ሰው ትኬት፣ ሆቴል፣ መኪና ሲደመር የወንድምሽን ውዝፍ ዘግቶ ይተርፋል። ባሕሩ የትም አይሄድም። ቤት ከተወሰደ አይመለስም። ወይን ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ቅዳሜ ነድታችሁ ደርሳችሁ የምትመለሱበት ስንት እርሻ አለ።

እትዬ ከሮም፦
ልጄ ዳላስ፣ እኔ የሰው ቤት ስሠራ 34 ዓመቴ ነው። የወንድሜን ቤት ዘግቻለሁ። የእህቴን ልጅ አስተምሬያለሁ። የአጎቴን መኪና ገዝቻለሁ። ሁሉንም ወድጄ ነው ያደረግኩት። ፍራስካቲ ከሮም በባቡር ግማሽ ሰዓት ነው። ከላይ ሆነሽ የወይኑን ተረተር ታይዋለሽ፣ ሮምም ከሥር ትታያለች። ባለቤቴ «አንድ እሑድ እንሂድ» ይለኝ ነበር። እሑድ ደግሞ ትርፍ የሚከፈልበት ቀን ነው። እሱ ከሞተ በኋላ ብቻዬን ሄድኩ። አንድ ብርጭቆ አዘዝኩ፣ ግማሹን ተውኩት።

ዳላስ ነኝ፦
እትዬ ነፍስ ይማር። ሐዘንዎን አላቃልልም። ግን የሷ ወንድም ዛሬ ነው የተቸገረው። እሷ ባትልክለት የሚደርስለት ማን ነው?

የሰንበት ተማሪ፦
ከገንዘቡ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልበል። የወይን ለቀማው በደቡብ አፍሪካ ከጥር መጨረሻ ገደማ እስከ መጋቢት ነው። ለቀማ አያለሁ ብሎ ቀኑን የገፋ ሰው ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ጾሙ የሚገባው ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ነው። ከዚያ አይወርድም፣ አይወጣም። ስለዚህ ከጥምቀት ማግስት እስከ ጥር 30 ያለው ጊዜ የትኛውም ዓመት ቢሆን ከዐቢይ ጾም ነፃ ነው። ነነዌ ሦስት ቀን ናት፣ እሷም ከጥር 17 በፊት አትገባም። ደግሞ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ነው። ጌታ ውኃውን ወይን ያደረገበት በዓል የተጋባ ሰው 10ኛ ዓመቱን በወይን አገር ቢያሳልፍ ምን ነውር አለው?

ሚኒሶታ፦
በጾም ወይን ጠጅ ይቻላል የሚሉም አሉ እኮ። ከሥጋና ከወተት ጋር ምን አገናኘው?

የሰንበት ተማሪ፦
ወንድሜ፣ የነፍስ አባትህን ጠይቅ። እኔ የተማርኩት በዐቢይ ጾም አልኮል እንደማይጠጣ ነው። ሲቀመስ ደግሞ ከአይብ ጋር ነው የሚያቀርቡት።

ሚኒሶታ፦
እሺ፣ ጾሙን ልተወው። ለእኔ ያ አገር ከወይኑ በላይ ነው። ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ኮልፌ የጦር ሥልጠና ሲወስድ የያዘው ፓስፖርት የኢትዮጵያ ነበር። ዴቪድ ሞትሳማይ በሚል ስም። እህቴ፣ አንቺ ዛሬ ቪዛ ያስለምነኛል የምትይው ፓስፖርት ማለት ነው። ከ27 ዓመት እስራቱ 18ቱን ያሳለፈው ከኬፕታውን ወደብ ፊት ለፊት በሚታየው ሮበን ደሴት ነው። በ1982 ወደ ፖልስሙር አዛወሩት፣ እሱ ከኮንስታንሺያ የወይን እርሻዎች ብዙ አይርቅም። በ1990 በእግሩ የወጣበት እስር ቤት ደግሞ በፓርልና በፍራንሽሁክ መካከል፣ ወይኑ መሐል ነው። በሩ ላይ እጁን ያነሣ ሐውልቱ ቆሟል። ከእርሻ ወደ እርሻ ስትሄዱ ቆም በሉበት።

እዚያው ደሴት 10 ዓመት የታሰረ ኔቪል አሌክሳንደር የሚባል ምሁር ነበር። አያቱ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች። በልጅነቷ ከአገራችን ለባርነት ተወስዳ፣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከጀልባ ካስጣላቸው የኦሮሞ ልጆች አንዷ ናት። ይህንን ሳነብ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። የደሴቱን ጀልባ ቀድማችሁ ያዙ፣ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንዱ አድርጉት። ባሕሩ ሲናወጥ ይሰረዛል።

የሆሳዕናው ልጅ፦
ሰላም የጥር ሙሽራ። እኔ እዚያው ነኝ፣ ቤልቪል፣ ከኬፕታውን መሐል ብዙ አይርቅም። 11 ዓመቴ ነው። ስመጣ ብርድ ልብስና መጋረጃ በጀርባዬ ተሸክሜ በዱቤ እሸጥ ነበር። የወይን እርሻዎቹን የማውቃቸው በኋላ በር ነው። አርብ ደመወዝ ሲከፈል ሠራተኞቹ መንደር እደርሳለሁ። ስማቸውን በደብተር ይዤ ከቤት ቤት እዞራለሁ። በለቀማ ሰሞን ጣታቸው ሐምራዊ ነው። ብር ሲቆጥሩልኝ ኖቱ ይጣበቃል፣ እያላቀቅኩ ነበር የምቆጥረው። ድሮ ከደመወዛቸው ከፊሉን በወይን ጠጅ ይከፍሏቸው ነበር፣ ዶፕ ይሉታል። ከተከለከለ ቆይቷል። መጠጡ የጎዳው ቤት ግን ዛሬም አለ። ስትቀምሱ የለቀመውን ሰው አስቡልኝ።

አሁን ለጉዞው። መኪና ተከራይታችሁ ለቅምሻ አትሂዱ። እዚህ የሚነዳው በግራ ነው። ከተያዛችሁ ደግሞ በሚነዳ ሰው ደም ውስጥ የሚፈቀደው አልኮል ከ0.05 በመቶ በታች ነው። ፍራንሽሁክ ውስጥ ከእርሻ እርሻ የሚያዞር ትራም አለ። ትወርዳላችሁ፣ ትቀምሳላችሁ፣ በሚቀጥለው ትሄዳላችሁ። ስቴለንቦሽ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ አንድ ሌሊት እደሩ፣ ከሩቅ እርሻ ማታ ታክሲ ጠርቶ ማግኘት ያስቸግራል። ጊዜ ካጠራችሁ ኮንስታንሺያ ከተማው ውስጥ ነው። ግሩት ኮንስታንሺያ የሚባለው እርሻ እ.ኤ.አ. ከ1685 ጀምሮ ያለ ነው። ፒኖታዥ የሚባለውን ቀይ ወይን ቅመሱ፣ ዘሩን አዳቅለው ያወጡት እዚሁ ስቴለንቦሽ እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ተራራው ላይ፣ ቴብል ማውንቴን (የጠረጴዛ ተራራ) በሚሉት፣ በኬብል ለመውጣት ጠዋት ሰማዩ ጥርት ካለ በዚያው ቀን ሂዱ፣ ለነገ አትበሉ። በበጋ ነፋሱ ሲነሣ ኬብሉ ይቆማል። ደመናው ከላይ ሲወርድ የገበታ ልብስ ይሉታል፣ ለእኔ ግን ነጠላ ነው። ስልክ በእጅ ይዛችሁ መንገድ ላይ አትቁሙ።

የጥር ሙሽራ፦
ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ የሚያሳፍረኝ ነገር ልጠይቅህ። እኛ ቤት ወይን ማለት ለፋሲካ አባዬ የሚከፍታት አንዲት ጉደር ነበረች። በአምቦ ውኃ አቅጥነን ነበር የምንጠጣት። እዚያ ሄጄ ሰው ሁሉ አሽትቶ ስሙን ሲጠራ ምን እላለሁ?

የሆሳዕናው ልጅ፦
የምትይውን በይ። ወደድኩት፣ አልወደድኩትም፣ ይበቃል። ያልወደድሽውን የምትደፊበት ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ነውር አይደለም።

ስለ እናትሽ ግን እኔም ልናገር። የጥገኝነት ወረቀት ነው ያለኝ። እያደስኩ ነው የምኖረው። በእሱ አገሬ ልገባ አልችልም። እናቴን ካየሁ 11 ዓመቴ ነው። መስቀል ሲደርስ ስልክ ላይ አተካናው፣ የበዓል ምግባችን፣ ከእሳት ሲወርድ ታሳየኛለች፣ ቅቤው ሲንጣለል። ወንድምሽ ቢያኮርፍ ይታረቃል። እናትሽ ከቦሌ እዚያው ናት። እኔ ብሆን ለ3 ሰዓት ተኩልም ቢሆን እወጣ ነበር።

ጋሽ ሲያትል፦
ለ3 ሰዓት ተኩል እንዳትወጪ፣ አውሮፕላኑ ያመልጥሻል። ወይ ሁለት ሌሊት አድርጊው ወይ ተይው። ሁለት ሌሊት ከሆነ ክትባቱ።

ዳላስ ነኝ፦
ሁለት ሌሊት ከሆነማ ባዶ እጅሽን ወንድምሽ ፊት አትቁሚ። ከሆቴሉ ሁለት ቀን ቀንሺና ከውዝፉ ትንሽ ስጪው። እኔም ከዚህ ሌላ አልልም።

የሆሳዕናው ልጅ፦
የጥር ሙሽራ፣ ካስቸገርኩሽ ይቅርታ። በአዲስ አበባ ከመጣችሁ እናቴ አንድ ኪሎ በርበሬ ብትልክልኝ ትይዥልኛለሽ?

ጋሽ ሲያትል፦
ይሄ አይሆንም። እህቴ፣ የማታውቂውን ሰው ዕቃ በሻንጣሽ አትያዢ። ልጁን አልጠረጠርኩትም። በእጅ በእጅ ሲተላለፍ ማን ምን እንደጨመረበት አይታወቅም። በሰው አደራ የታሰረ ሰው አውቃለሁ። ተጠያቂው ሻንጣው ላይ ስሙ ያለው ነው።

እትዬ ከሮም፦
ጋሼ፣ ልጁ 11 ዓመት የእናቱን እጅ አልቀመሰም። በርበሬ ነው የጠየቀ።

ጋሽ ሲያትል፦
እትዬ፣ አውቃለሁ። ጉምሩኩ ግን በርበሬ መሆኑን የሚያውቀው ከፍቶ ካየ በኋላ ነው። የዜግነት ማመልከቻ ያላት ሴት ናት።

ሚኒሶታ፦
ልጁ ገበያ ላይ ይግዛ። ቤልቪል በርበሬ ጠፋ?

የሆሳዕናው ልጅ፦
አልጠፋም። የእናቴ አይደለም።

የጥር ሙሽራ፦
ሁሉንም አነበብኩ፣ ለባለቤቴም አነበብኩለት። የክትባት ቀጠሮ ለሐሙስ ይዘናል፣ ለሁለታችንም። የቪዛው ወረቀት ገና ነው፣ የዜግነቱ ቀጠሮም መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። እናቴ ጋ ትናንት ደወልኩ። ሁለት ሌሊት ነው አልኳት። «ሦስት አድርጊው» አለች፣ ስለ ወንድሜ አንድም ነገር አላነሣችም።

ወንድሜ የሆሳዕናው፣ እናትህ አዲስ አበባ የሚቀበላት ዘመድ አላት? በርበሬውን እናቴ ቤት ድረስ ያምጡልኝ። ራሴ ከፍቼ፣ ነፍቼ፣ በራሴ ላስቲክ አሽጌ ነው የምይዘው። ጋሼም እንዳይሰጉ።

የሆሳዕናው ልጅ፦
አክስቴ ሳሪስ ናት። ዛሬውኑ እደውልላታለሁ።