የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኢንተርንሺፕ ላይ ምን ልጠብቅ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ3ኛ ዓመት የማኔጅመንት ተማሪ ነኝ። ለ8 ሳምንት መንግሥት መሥሪያ ቤት ልወጣ ነው። የምር ሥራ ይሰጣሉ ወይስ ፎቶ ኮፒ እያደረጉ መዋል ነው? ከመግባቴ በፊትስ ምን ልጨርስ?

መላሽ 1፦
ሁለቱም አለ ወንድሜ። የመጀመሪያው ሳምንት ባብዛኛው በንባብ ያልቃል፦ ማቋቋሚያ ሕጉ፣ መመሪያዎች፣ የዓመቱ ዕቅድ፣ ያለፈው ሪፖርት። እንዳትዘለው። መሥሪያ ቤቱ ሥልጣኑ እስከ የት እንደሆነ ሳታውቅ የምታረቀው ደብዳቤ ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። ቀጥሎ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ መረጃ ኤክሴል ላይ ማስገባትና ማጥራት፣ መዝገብ ቤት ፋይል ማደራጀት ይመጣል። ፋይል ሲባል ቅር አይበልህ፤ አንድ ጉዳይ ገቢ ሆኖ፣ ተመርቶ፣ ተወስኖ፣ ወጪ ቁጥር እስኪሰጠው የሚሄድበት መንገድ እንደዚያ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ቦታ የለም።

በ2ኛው ሳምንት ግን መጀመሪያና መጨረሻው የታወቀ አንድ ሥራ ጠይቅ። «ምን ላግዝ?» ካልክ ፎቶ ኮፒው ጋ ነው የምትላከው። «የአምናዎቹን ቅሬታዎች በዓይነት ለይቼ፣ ስንቱ በስንት ቀን እንደተፈታ በ2 ገጽ ላቅርብ?» በል።

መላሽ 2፦
የወረቀቱን ነገር ልጨምር። ትምህርት ቤትህ ለመሥሪያ ቤቱ «ተማሪያችንን ተቀበሉልን» ብሎ የሚጽፈው የትብብር ደብዳቤ ቢያንስ ከ1 ወር በፊት ይግባ። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ከሆነ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ይከርማል፤ ለሰው ሀብት ክፍል ተብሎ ይጻፍ፤ የምትማረው፣ የምትቆይበት ጊዜና የአማካሪ መምህርህ ስልክ ይኑርበት። ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን ያዝ፤ «ደብዳቤህ የለም» ስትባል የሚፈለገው በሱ ነው። ጥብቅ ምስጢር ያለበት ቦታ ከሆነ የጀርባ ማጣራቱ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ባጅና የኮምፒውተር አካውንትም በመጀመሪያው ቀን ላይደርሱ ይችላሉ። በጀት መዝጊያ ሰሞን ከገባህ ደግሞ ሁሉም ሪፖርት ላይ ተጠምዶ የሚያሳይህ ሰው ታጣለህ።

ክፍያ ብዙ ቦታ የለም፣ ካለም የትራንስፖርት ነው። አስቀድመህ ጠይቅ።

ጠያቂ፦
የመሥሪያ ቤቱን መረጃ ለማጠቃለያ ሪፖርቴ መጠቀም ይቻላል?

መላሽ 1፦
በጽሑፍ ካስፈቀድክ ብቻ። የሰዎችን ስም ከመረጃው ላይ መሰረዝ ብቻውን አይበቃም፤ ክፍሉ 5 ሰው ብቻ ካለው የሥራ መደብና ዕድሜ ሰውየውን ያሳብቃል። ሰነድ በስልክህ ፎቶ አታንሳ፣ ወደ ግል ኢሜይልህም አትላክ። «ቤት ልጨርሰው ብዬ ነው» ማለት አያድንህም።

መላሽ 3፦
ሎግ ቡኩን (የሠራኸውን የምትመዘግብበትን ደብተር) በየሳምንቱ አርብ አስፈርም። የ8 ሳምንቱን በአንዴ ይዘህ ብትሄድ የቅርብ ኃላፊህ የሠራኸውን አያስታውስም፤ አስተያየቱም «ጥሩ ነው» ብቻ ሆኖ ይቀራል። የግምገማ ቅጹን በ6ኛው ሳምንት ስጥ። የመጨረሻው ቀን ላይ ኃላፊው መስክ ይወጣል፤ እሱ ከተገኘ ደግሞ ማኅተም ያዡ ፈቃድ ላይ ነው።