ለፍሳሽ መስመር ደንብ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ በረቂቁ ላይ የአባላት ውይይት

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወደ ሕዝብ ፍሳሽ መስመር ምን ይለቀቅ፣ ምን አይለቀቅ የሚለው ረቂቅ ደንብ ለአስተያየት ክፍት ነው። እንደ ማኅበር አንድ ሰነድ ብናስገባ ይሻላል። ሁሉም በየፊናው ደብዳቤ ከጻፈ የሚያነበው አይኖርም። እስካሁን የደረሰኝ አንድ ሐሳብ ነው፤ "አነስተኛ ድርጅቶች ከደንቡ ነፃ ይሁኑ" ይላል። እሱን እናንሳው። ምክንያታችሁን ጻፉ እንጂ "እስማማለሁ" ብቻ ብላችሁ አትለፉ።

ከጋራዥ ዘርፍ፦
ሐሳቡ የእኔ ነው። ሁለት ሠራተኛ ያለው ጋራዥና ቀን ከሌት የሚሠራ ፋብሪካ እንዴት በአንድ ዓይን ይታያሉ? ከእኛ የሚወጣው ጠብታ ነው። በየወሩ ለላቦራቶሪ ክፈሉ ከተባልን ብዙዎቻችን በራችንን መዝጋታችን ነው።

የቀድሞ የፍሳሽ መስመር ሠራተኛ፦
ወንድሜ፣ በላቦራቶሪው ወጪ ከአንተ ጋር ነኝ። "ጠብታ ነው" ላይ ግን አልስማማም።

አሲድን እንይ። የባትሪ አሲድ የኮንክሪት ትቦ እንደሚበላ ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያስበው ሁለት ፍሳሾች መንገድ ላይ ሲገናኙ የሚሆነውን ነው። ከላይ በኩል ቆዳ የሚያለፋ ሰው ሰልፋይድ የሚባል ኬሚካል ያለበት ውሃ ይለቃል። ከታች ሌላው አሲድ ይደፋል። ሁለቱ ማንሆል ውስጥ ሲገናኙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። መጠኑ ሲበዛ ግን አፍንጫ ይደነዝዝና ሽታው የጠፋ ይመስላል። ሠራተኛው "አሁንስ ተሻለ" ብሎ የሚወርደው ያኔ ነው። ብረት የሚቀቡት፣ ማለትም በሌላ ብረት የሚለብጡት ጋ ደግሞ ሳያናይድ የሚባል መርዝ አለ። እሱ አሲድ ካገኘ የሚወጣው ጋዝ ይብሳል። እንግዲህ አንድ ባልዲ የደፋ ሰው "ጥቂት ነው" ማለት አይችልም። ታች ምን እንደሚጠብቀው አያውቅማ!

ተቀጣጣይ ነገርም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ሉዊቪል ከተማ ከአንድ የአኩሪ አተር ማቀነባበሪያ ሄክሳን የሚባል ፈሳሽ ወደ ፍሳሽ መስመር ገባ። ትነቱ ትቦው ውስጥ ተጠራቀመ። ንጋት ላይ በዚያ ታልፍ የነበረች መኪና ብልጭታ አቀጣጠለው። ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ተቦዳደሰ። ሰው አልሞተም። መንገዱ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ቢሆን ምን ሊሆን እንደሚችል ለእናንተ ትቻለሁ።

ከጋራዥ ዘርፍ፦
ጋሼ፣ ገብቶኛል። ግን ዕቃ የታጠበበት ናፍጣና ቤንዚን የት ይሂድ? የተቃጠለ ዘይት ፈላጊ አለው፤ ለዚህ ግን ተቀባይ የለም። አትድፉ ማለት ቀላል ነው። ተቀባይ ቦታ ሳይኖር ቢከለከል ሰው ማታ ጠብቆ ይደፋዋል።

አስተባባሪ፦
ይቺ ነጥብ ወርቅ ናት። ክልከላው ከመቀበያ ጣቢያ ጋር አብሮ ይምጣ ብለን እንጠይቃለን። መዘገብኩ። የምግብ ቤቶቹስ?

ከምግብ ቤት ዘርፍ፦
ረቂቁ "የቅባት ማጥመጃ ይኑር" ብሎ ያቆማል። ማጥመጃው፣ ማለትም የኩሽናው ውሃ የሚያልፍበት ሳጥን፣ አብዛኞቻችን ጋ አለ እኮ። ችግሩ ማጽዳቱ ላይ ነው። ማጥመጃ የሚሠራው ውሃው ውስጡ ቀዝቀዝና ረጋ ሲል ነው። ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ ፍርፋሪው ይዘቅጣል፣ መሃሉ ያልፋል። ሳጥኑ ሲሞላ ውሃው የሚረጋበት ቦታ ያጣና ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። ያኔ ማጥመጃው ለተቆጣጣሪ መታያ ብቻ ይሆናል።

ሩብ የሚባለው ደንብ ይግባልን። ክዳኑ ተከፍቶ ዘንግ ይሰደዳል። ከላይ የረጋው ቅባትና ከታች ያለው ዝቃጭ ተደምሮ የጥልቀቱን ሩብ ከያዘ ይጸዳል። ሳጥኑ 80 ሳንቲሜትር ቢጠልቅ 20 ላይ ማለት ነው። ይህን ዕቃ አጣቢውም ይለካዋል። ቀኑንና ልኩን ደብተር ላይ ይጽፋል፣ አለቀ። ላቦራቶሪ ምን ያደርጋል?

አንድ ነገር ግን በግልጽ ይከልከል፦ ማጥመጃውን በፈላ ውሃና በሳሙና "ማጽዳት"። ቅባቱ የትም አልጠፋም። ቀልጦ ያልፍና ታች ቀዝቅዞ ይረጋል፤ የሚደፈነውም የጎረቤት መስመር ነው።

የቀድሞ የፍሳሽ መስመር ሠራተኛ፦
እህቴ፣ እጅ ነስቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ውስጥ ኋይትቻፕል ስር የተገኘው የቅባት ክምር 250 ሜትር ይረዝም ነበር። ክብደቱ 130 ቶን ያህል ተገምቷል። ቅባት ብቻም አልነበረም፤ እርጥብ መጥረጊያና ዳይፐር አብሮ ተጋግሯል። ስለዚህ "በሽንት ቤት የሚወርድ" ተብሎ የሚሸጥ መጥረጊያም ቢሆን በክልከላው ውስጥ ይጻፍ።

ከጥርስ ክሊኒክ፦
ከእኛ ክርክር የለም። አማልጋም የሚባለው ብርማ የጥርስ ሙሌት ሜርኩሪ አለበት። ማለያ መሣሪያ ይገጠም ከተባለ ይገጠም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አስገድዷል።

ከማቅለሚያ ዘርፍ፦
ረቂቁ "ከመጠን ያለፈ ሙቅ ውሃ" እና "ጎጂ አሲድ" ይላል። ስንት ዲግሪ? ስንት ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል)? ቁጥር ከሌለው ተቆጣጣሪው በመጣ ቁጥር ደንቡ ይቀየራል ማለት ነው።

የቀድሞ የፍሳሽ መስመር ሠራተኛ፦
እውነት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ መነሻ ሊሆነን ይችላል። በጥቅሉ ፒኤቹ ከ5 በታች የሆነ አይለቀቅም። ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሊቀጣጠል የሚችል ፈሳሽ አይለቀቅም። ማጣሪያ ጣቢያው በር ላይ የሚደርሰውን ውሃ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚያደርግ ሙቀትም አይፈቀድም። ጣቢያው ውስጥ ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ሙቀት ሲበዛ ሥራቸው ይበላሻል።

ከማቅለሚያ ዘርፍ፦
ልብ በሉ፣ 40 ዲግሪው የሚለካው ጣቢያው በር ላይ ነው። የእኛ በር ላይ ይሁን ከተባለ ሌላ ነገር ነው። እኛ ማቆያ ገንዳ ለመሥራት ፈቃደኞች ነን። አንዱ የጨርቅ መዘፍዘፊያ አሲድ፣ ሌላው የአሲድ ተቃራኒ የሆነውን አልካላይ ይለቃል፤ ገንዳው ውስጥ ተቀላቅለው ይመጣጠናሉ፣ ይቀዘቅዛሉም። ግን ልኩ ከገንዳው በኋላ ይወሰድልን።

ከብረት ቅብ ዘርፍ፦
እኔም የምጠይቀው አለ። የክሮምና የኒኬል ልክ በሊትር ይህን ያህል ሚሊግራም ከተባለ፣ ንጹሕ ውሃ ጨምረን ብናወርደውስ?

የቀድሞ የፍሳሽ መስመር ሠራተኛ፦
እንዲህ ዓይነቱን መንገድ ራሳችን ካልዘጋነው ሰነዳችንን ማንም አያምነውም። ውሃ ስትጨምር የብረቱ ክብደት አይቀንስም። ባክቴሪያም ብረት አያጠፋም። ብረቱ ዝቃጩ ውስጥ ይቀመጣል። ለእርሻ ማዳበሪያ ሊሆን የሚችል ዝቃጭ የሚጣል መርዝ ይሆናል።

በአሲድም ቢሆን አያዋጣም። ፒኤች አንድ ቁጥር ሲወጣ አሲድነቱ በ10 እጥፍ ይቀንሳል። ከ2 ወደ 5 በውሃ ብቻ ለማድረስ ለ1 ሊትር ወደ 1,000 ሊትር ያስፈልጋል። በኖራ ወይም በሶዳ አሽ ማመጣጠን እያለ ያን ሁሉ ውሃ ማን ይደፋል?

ስለዚህ የናሙናው ቦታ ወሳኝ ነው። የብረት ልክ ከመሥሪያው ወጥቶ ከሽንት ቤትና ከማጠቢያ ውሃ ጋር ሳይቀላቀል ይወሰድ። ደግሞ የፒኤች ናሙና ውሎ በተጠራቀመ ጀሪካን አይለካ። ጠዋት የወጣ አሲድና ከሰዓት የወጣ አልካላይ ጀሪካኑ ውስጥ ይጠፋፋሉ፤ ውጤቱ ያማረ ይሆናል፣ ትቦው ግን ሁለቱንም ቀምሷል። ቅባትም የሚቆየው ጀሪካን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው። ሁለቱም በቦታው፣ በቅጽበት የተቀዳ ናሙና ይፈልጋሉ።

ከጋራዥ ዘርፍ፦
እሺ። "ነፃ ይሁኑ" የሚለውን አነሳሁ። ግን የወር ምርመራው ለሁሉም መሆን የለበትም፤ በዚያ አልደራደርም።

አስተባባሪ፦
እንግዲህ እስካሁን የተስማማንበትን በሰነድ ቋንቋ ልሞክር። አንብቡና የሚስተካከለውን ጻፉበት።

"ማኅበሩ በመጠን ላይ የተመሠረተ ሙሉ ነፃነት አይጠይቅም። ተቀጣጣይ ፈሳሽ፣ ፒኤቹ ከ5 በታች የሆነ ፈሳሽ፣ መስመር የሚደፍን ጠጣርና ቅባት፣ በቦቴ መጥቶ ከተፈቀደው ቦታ ውጭ የሚደፋ ፍሳሽ ለማንም፣ በማንኛውም መጠን ይከልከል። ውሃ በመጨመር ልክን ማሳካት አይፈቀድ። ፍሳሻቸው ከባድ ብረት ወይም ኬሚካል የማይነካ አነስተኛ ድርጅቶች ከመደበኛ የላቦራቶሪ ምርመራ ነፃ ይሁኑ፤ በምትኩ ማጥመጃ ወይም ዘይት ማለያ ይኑራቸው፣ የጽዳት መዝገብ ይያዙ፣ ተቆጣጣሪው ያለ ቀጠሮ ይክፈተው። ድንገት ያልተፈቀደ ነገር የለቀቀ ድርጅት ወዲያው ይደውል፤ የደወለና የደበቀ እኩል አይቀጡ። ለተከለከለ ፈሳሽ መቀበያ ጣቢያ ሥራ ሳይጀምር ቅጣት አይጀመር።"

ከጋራዥ ዘርፍ፦
የመጨረሻው ላይ ትንሽ ማስተካከያ እናድርግ። "ሥራ ሳይጀምር" ከተባለ፣ ጣቢያው አምስት ዓመት ቢቆይ አምስት ዓመት ሙሉ ይደፋ ማለት ነው?

የቀድሞ የፍሳሽ መስመር ሠራተኛ፦
አንተ ነህ ይህን የምትለው? ደስ አለኝ። የቅጣቱ መዘግየት ዕቃ ለታጠበበት ናፍጣና መሰል ነገር ብቻ ይሁን። እሱም ቢሆን በበርሜል ተዘግቶ ይቀመጥ እንጂ አይደፋ። አሲድና ሳያናይድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይከልከሉ።

ከምግብ ቤት ዘርፍ፦
መዝገቡ ላይ ቅባቱን ያነሳው ማን እንደሆነና የት እንደወሰደው ይጨመር። ከእኛ ማጥመጃ አውጥቶ ቀጣዩ ማንሆል ውስጥ የሚገለብጥ ቦቴ አለ።

አስተባባሪ፦
ሁለቱም ገብተዋል። ክፍት የቀረው የሙቀት ልኩ የት ይወሰድ የሚለው ነው። የማቅለሚያ ዘርፎች፣ ገንዳችሁ ያለበትን የትቦ ንድፍ እስከ ዓርብ ላኩልኝ፤ ቁጥሩን ከንድፉ ጋር አያይዤ አስገባዋለሁ።