ጄሊፊን ላይ የጻፍኩት መረጃ ሳይጠፋ ቪዲዮዎቹን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ እንዴት ላዛውር?

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ጄሊፊን (የራስን ቪዲዮዎች ከራስ ሰርቨር ላይ አደራጅቶ የሚያሳይ ፕሮግራም) የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። ያለሁት ሀዋሳ ነው፣ የቤተሰባችንን የድሮ ቪዲዮዎች ሰርጉንም ልደቱንም የፍቼ ጨምበላላውንም ሰብስቤ ላይብረሪ ሰርቻለሁ። ኢንተርኔት ላይ መረጃ ስለሌላቸው ርዕሱንም መግለጫውንም ታጉንም የጻፍኩት ራሴ ነኝ፣ ለምሳሌ ጉዱማሌ ላይ ቄጣላ ሲጨፈር የተቀረጸው ላይ ከፊት ያሉትን ሽማግሌዎች ስም አያቴን እየጠየቅኩ በተራ አስገብቻለሁ፣ አንዳንዶቹ አሁን በህይወት የሉም፣ ለዛ ነው እንዲህ የምጨነቀው።

አሁን ዲስኩ ሞላ። አንድ ትንሽ ፎልደር ኮፒ አድርጌ አዲሱ ላይ ብሞክር ሁሉንም እንደ አዲስ ቆጠራቸው፣ ርዕሱ ተመልሶ የፋይሉ ስም ሆነ መግለጫውም ባዶ። እንደገባኝ ፋይሉን የሚለየው በፓዙ (ዲስኩ ላይ ባለበት አድራሻ) ነው፣ የጻፍኩት ደግሞ ያለው ዳታቤዙ ውስጥ እንጂ ቪዲዮው ውስጥ አይደለም። ዋናዎቹን ገና አልነካሁም።

ላይብረሪ ሴቲንግ ውስጥ መረጃውን በኤንኤፍኦ ፋይል (መረጃው በጽሁፍ በሚቀመጥበት ትንሽ ፋይል) ከቪዲዮው ጎን የሚያስቀምጥ ምርጫ አለ፣ እሱን አሁን ባበራው ድሮ የጻፍኩትንም ያወጣልኛል ወይስ እያንዳንዱን ከፍቼ እንደገና ሴቭ ማለት አለብኝ? ሪፍሬሽ ብል ደሞ የኔን እንዳይደመስስብኝ ፈራሁ፣ መረጃው እንዳይቀየር የምታደርገውን መቆለፊያ ምልክት ባደርግ ይበቃል? ሰርቨሩ ሊኑክስ ስለሆነ ሌላው ያሰብኩት አዲሱን ዲስክ በድሮው ፓዝ ላይ ማውንት ማድረግ (ዲስኩ በድሮው አድራሻ እንዲከፈት ማገናኘት) ነው፣ ለኔ ይሄ የተሻለ ይመስለኛል። የሞከራችሁት ካላችሁ የቱን ልያዝ፣ ፖስተር ያደረግኳቸው ፎቶዎችስ አብረው ይሄዳሉ?