የደንበኛ አድራሻ ዝርዝር ለማጽዳት ምን ትጠቁሙኛላችሁ? (አዲስ አበባ፣ 38 ሺህ መስመር)

ጠያቂዋ፦
ሰላም ወገኖች። መሥሪያ ቤታችን የደንበኞችን አድራሻ ለዓመታት ሲመዘግብ የኖረው በአንድ ዓምድ ነው፤ ሁሉም እንደመሰለው ጽፎበታል። «ቦሌ ክ/ከ ወ 03 የቤ.ቁ አዲስ»፣ «ን/ስ/ላፍቶ ወረዳ 1»፣ «ከ22 ማዞሪያ ገባ ብሎ ቢጫ በር»፣ «አያት ኮንዶሚኒየም ብሎክ 41»። አለቃዬ «ሶፍትዌር ገዝተን እንገላገል» ይላል። በእጃችሁ የሞከራችሁትን ጠቁሙኝ፤ ባይሆን ዶላር የማይጠይቅ ይሁን።

ባለ ዴሊቨሪው፦
እህቴ፣ አለቃሽን መጀመሪያ ከግዢው አስጥዪው። ውጭ አገር የሚሸጡት የአድራሻ ማረጋገጫዎች የየሀገሩ ፖስታ ቤት በያዘው የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር መዝገብ ላይ የተደገፉ ናቸው። የእኛ ደብዳቤ የኖረው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ ከምን ጋር ያመሳክሩታል?

እኔ የምጠቁምሽ ኦፕንሪፋይን የሚባለውን የመረጃ ማጽጃ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ በራስሽ ኮምፒውተር ላይ ስለሚሠራ ኢንተርኔት ቢጠፋም ግድ የለውም፣ የደንበኛ መረጃም ከቢሮ አይወጣም። የሚመሳሰሉትን አጻጻፎች ሰብስቦ አንድ ላድርጋቸው ወይ ብሎ ይጠይቅሻል፤ ከተሳሳትሽም ወደኋላ ትመልሺዋለሽ።

ሁለት ነገር ግን አያውቅም። አንደኛው ሞክሼ ፊደል ነው። መድኃኔዓለም፣ መድሃኔአለም፣ መድኀኔ ዓለም ለእሱ ሦስት ቦታ ናቸው። ስለዚህ ለማመሳከሪያ ብቻ የሚሆን ዓምድ ክፈቺና ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይሪ፤ ከነሙሉ ዘራቸው ነው ታዲያ፣ ሠን ቀይረሽ ሡን እንዳትረሺ። ሃንም ወደ ሀ፣ ኣንም ወደ አ አምጪው። ደንበኛው የሚያየውን ጽሑፍ ግን አትንኪ። የደብሩን ስም አበላሽተን ደረሰኝ ላይ አትመን የሰማነውን እኛ ነን የምናውቀው።

ሁለተኛው ይብሳል። የአንድ ፊደል ልዩነትን እንደ ግድፈት የሚቆጥር የማመሳሰያ ዘዴ አለው፤ በእሱ ከሄድሽ «ወረዳ 03» እና «ወረዳ 08» አንድ ናቸው ብሎ ያመጣልሻል። እኔ በችኮላ እሺ አልኩት። ሞተረኞቻችን ያን ቀን ሲዞሩ ዋሉ፣ ማታ ደግሞ እኔን ፈለጉ። ቁጥር ያለበትን ዓምድ ለዚህ ሥራ በጭራሽ አታቅርቢ።

ከሁሉ በፊት የወረቀቱን አድራሻና የአፉን አድራሻ ለያዪያቸው። ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር የወረቀቱ ነው፤ «ከባንኩ ጀርባ ቢጫ በር» የአፉ ነው። ዕቃ የሚያደርሰው የአፉ ነው፣ ባንክና ፍርድ ቤት የሚቀበሉት የወረቀቱን። አንዱን ወደ ሌላው ልቀይር ካልሽ ሁለቱንም ታጫለሽ። ስትለያዪ «22» የቤት ቁጥር መስሎ እንዳያታልልሽ፣ ሰፈር ነው፤ 4 ኪሎና 6 ኪሎም እንዲሁ። ዋናውን ዓምድ እንዳለ አስቀምጪው፣ ሥራሽ ሁሉ በቅጂው ላይ ይሁን።

ሌላ መላሽ፦
ለ38 ሺህ መስመር ኤክሴል ይበቃል ባይ ነኝ። የ11ዱን ክፍለ ከተሞች ስም በአንድ ገጽ ላይ ጽፈሽ በቪሉክአፕ (በኤክሴሉ የፍለጋ ቀመር) ማመሳከር ነው።

ባለ ዴሊቨሪው፦
ይበቃል፣ ግን ፋይሉን ስትከፍቺ ዓምዱን ጽሑፍ ነው በይው። አለበለዚያ 03 ሦስት ይሆናል፣ «12/4» የሚል የቤት ቁጥር ደግሞ ቀን ሆኖ ይቀራል።

የወረዳ ሠራተኛ የነበርኩ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ሲወጣ የቆየ መዝገብ አብሮ አልተቀየረም። አያት የሚኖር ደንበኛ «የካ» ወይም «ቦሌ» ተብሎ ብታገኚው የጸሐፊ ስህተት ነው ብለሽ አትለፊው፤ በተመዘገበበት ቀን ልክ ነበር። የምዝገባ ቀኑ ካለሽ ከአድራሻው ጎን አኑሪው። ቦሌ አራብሳም ስሙ ቦሌ ስላለ ቦሌ ክፍለ ከተማ አይደለም።

የካርታ ሰው፦
ነጥብ በካርታ ላይ ካስፈለጋችሁ፦ የጉግል ጂኦኮዲንግ (አድራሻን ወደ ካርታ ነጥብ የሚቀይረው) በዶላር ካርድ ነው፣ ያገኘሽውን መጋጠሚያ እንደልብሽ አስቀምጪ አይልሽም። ይህንኑ ሥራ በኦፕንስትሪትማፕ ካርታ ላይ የሚሠራው ኖሚናቲም ነፃ ነው፣ ሆኖም የሕዝብ ሰርቨሩ በሰከንድ ከ1 ጥያቄ በላይ አይፈቅድም፣ እንዲህ ያለ ጅምላ ሥራም አይወድም። ከሀገር ውስጥ ገበታ ማፕስ ኤፒአይ (ከራስሽ ፕሮግራም ሆነሽ የምትጠይቂበት መንገድ) አለው፤ ከ200 አድራሻ ጀምረሽ ውጤቱን በዓይንሽ እያየሽ ለኪው። ለአዲስ ደንበኛ ግን ከሁሉም የሚሻለው በቴሌግራም ሎኬሽን ማስላክና በፕላስ ኮድ (ቦታን በአጭር ኮድ በሚገልጸው የጉግል ዘዴ) መመዝገብ ነው። ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሰላል፣ የተለመደው ባለ 10 ምልክት ኮድ ወደ 14 ሜትር ስፋት ያለውን ቦታ ያመለክታል። ግቢ ለመለየት በቂ ነው፤ ለኮንዶሚኒየም ብሎክና ቤት ቁጥሩን ጨምሪበት።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የቤት ቁጥሩ ላይ «አዲስ» የሚለውንስ ምን ላድርገው?

የወረዳ ሠራተኛ የነበርኩ፦
እንዳትሰርዢው! ባዶ ማለት አይደለም። ቤቱ አለ፣ ቁጥር ግን ገና አልተሰጠውም ማለት ነው። ለብቻው ምልክት አድርጊለት፤ ቁጥር ሲያወጡ ደውለሽ ትሞዪዋለሽ።

ጠያቂዋ፦
ትናንት ሰርዤዋለሁ፣ 2,600 መስመር። ደግነቱ በቅጂው ላይ ነው።