ፒኤቹ 5.5 የሆነ የእጅ መታጠቢያ ለምን ያቃጥለኛል?

ጥያቄ
ሥራዬ ቶሎ ቶሎ እጅ መታጠብን ስለሚጠይቅ፣ በተራው ደረቅ ሳሙና የተነሣ የጣቶቼ መሐል እየደረቀ ይሰነጠቅብኝ ነበር። ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ከ7 በታች አሲዳማ፣ ከ7 በላይ አልካላይ ማለት ነው) 5.5 እንደሆነ ወደተጻፈበት ፈሳሽ መታጠቢያ ከቀየርኩ ወዲህ መሰንጠቁ ቢቀንስም ማቃጠሉ አልተወኝም። ችግሩ የፒኤች ነው ወይስ የሌላ? በተራው ሳሙና ላይ ሎሚ ጨምቆ ፒኤቹን ማውረድስ ይቻላል?

መልስ፦ ከኬሚስትሪ መምህር
ሎሚውን እባክዎ አይሞክሩት። ሳሙና የሚሠራው ዘይት ወይም ስብ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ተዋህዶ ስለሆነ፣ በውሃ ሲሟሟ ፒኤቹ ከ9 እስከ 10 አካባቢ መሆኑ የአሠራር ጉድለት ሳይሆን የራሱ ባሕርይ ነው። አሲድ ሲጨመርበት ወደ ቅባት አሲድነት ተመልሶ ይቋጠራል እንጂ ለቆዳ የሚስማማ ሳሙና አይሆንም። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች ደግሞ 2 ገደማ በመሆኑ የተሰነጠቀ ቆዳን ክፉኛ ያቃጥላል፤ ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ካገኘውም ሊቆጣና ሊጠቁር ይችላል።

መልስ፦ በቆዳ ሕክምና ከምትሠራ ነርስ
የጤናማ ቆዳ ገጽ ፒኤች በአብዛኛው ከ4.5 እስከ 5.5 ነው። ሴራማይድ የተባለውን፣ የቆዳን እርጥበት የሚጠብቀውን ቅባት የሚያዘጋጁት ኢንዛይሞች በደንብ የሚሠሩት በዚህ አሲዳማነት ሲሆን፣ ፒኤቹ ከፍ ሲል ግን የላይኛውን ቆዳ ሕዋሳት እርስ በርስ ያያዘውን ማሰሪያ የሚቆርጡት ኢንዛይሞች ይበረታሉ። ቆዳ በሳሙና ከታጠበ በኋላ ፒኤቹን ወደ ቦታው ለመመለስ ሰዓታት ሊወስድበት ስለሚችል፣ እንደ እርስዎ ቶሎ ቶሎ የሚታጠብ ሰው ቆዳው ፋታ አያገኝም። መሰንጠቁ የቀነሰልዎት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ሆኖም በጠርሙሱ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው ቁጥር፣ በእኔ እምነት፣ የጉዳዩ ግማሽ ብቻ ነው። ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት የተባለው፣ አረፋ የሚፈጥረውና ቆሻሻ የሚያጥበው ንጥረ ነገር፣ ፒኤቹ 5.5 በሆነ ፈሳሽ ውስጥም ቢሆን ወደ ቆዳ ዘልቆ ያስቆጣል። እስኪ ከጀርባው ያለውን የይዘት ዝርዝር ያንብቡልኝ።

ከጠያቂዋ
ከውሃ ቀጥሎ የተጻፈው ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት ነው፤ ወደ መጨረሻው ሽቶ አለበት።

መልስ፦ ከነርሷ
ዝርዝሩ በመጠን ከሚበዛው ንጥረ ነገር ስለሚጀምር፣ ሁለተኛ መሆኑ መጠኑ ቀላል እንዳልሆነ ያሳያል። ሽቶ የሌለውንና ሶዲየም ኮኮይል አይሴቲዮኔት በተባለ ሌላ አጣቢ ንጥረ ነገር የተሠራውን ይሞክሩ፤ ይህ ለቆዳ የዋህ ከሆኑት አንዱ ነው።

መልስ፦ ከሌላ አባል
እኔ የምጨምረው ስለ አስተጣጠቡ ነው። ሙቅ ውሃ የቆዳን ቅባት ይበልጥ ስለሚያጥብ ለብ ያለው ይሻላል። ቀለበት ካለዎት አውልቀው ይታጠቡ፤ ከሥሩ የሚቀረው አረፋ ቀኑን ሙሉ ቆዳውን ሲያስቆጣ ይውላል። ሳይፈትጉ አድርቀው፣ ቆዳዎ ገና እርጥበት እያለው ወፍራም ቅባት ይቀቡ። ማቃጠሉ በዚህም ካልተሻለ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል፣ የቆዳ ሐኪም ጀርባዎ ላይ በሚለጠፍ ምርመራ የሚያስቆጣዎትን ንጥረ ነገር ሊለይልዎ ይችላል፤ ሲሄዱ የመታጠቢያውን ጠርሙስ ይዘው ይሂዱ።